ብርቱካናማዋ ኳስ ከምሽቱ ዜና በፊት እንድትመለስልን

ቀን፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2018

ለአቮንት ሕዝባዊ ቴሌቪዥን
የስክሪን ገጽታ ክፍል ኃላፊ
ብራስልስ

ጉዳዩ፦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ዜና በፊት ትታይ የነበረችው ብርቱካናማ ኳስ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ለመሥሪያ ቤት ጽፌ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥም እጄን የማወጣ ልጅ አይደለሁም። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው፤ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። በአጻጻፌ ያጠፋሁት ካለ ክቡርነትዎ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. የምኖረው በባልገርሁከ፣ ቦዩ ዳር፣ ከእናቴና ከአያቴ ከአቶ ፊርሚን ደክሌርክ ጋር ነው። እናቴ አትክልት በሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ የማታ ተረኛ ስለሆነች፣ ምሽቱን ቤት ውስጥ ያለነው አያቴና እኔ ብቻ ነን።

2. አያቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቦይ በር ጠባቂ ነበሩ፤ ውሃው እስኪስተካከል የጭነት ጀልባዎችን የሚያስቆመውን በር ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ጀልባው የፈለገውን ያህል ጥሩምባ ቢነፋ፣ መብራቱ ቀይ ከሆነ ንቅንቅ አይሉም። ዛሬ ብዙ ነገር ረስተዋል፤ ቀኑን፣ የእናቴን ስም፣ አንዳንዴም ቤቱን። አንድ ነገር ግን አልረሱም፤ ምልክት ሳይታይ ምንም ነገር አይጀመርም።

3. የጣቢያው ኳስ የእራት ምልክታቸው ነበረች። ከስክሪኑ ግራ ተንከባልላ ትመጣለች፣ መሐል ላይ ትቆማለች፣ የአንዲት ሴትዮ ድምፅ «መልካም ምሽት» ይላል። ያኔ አያቴ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «ነይ ሮዝዬ፣ መብራቱ ተለውጧል! ይግቡ በያቸው!» ይሉኛል። ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥም «ይሄ ሾርባሽ እንኳን ማንኪያ፣ ጀልባ ያንሳፍፋል» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ግን ጠርገው ይበሉታል። ከቀኑ ሁሉ በስሜ የሚጠሩኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

4. በዚህ ወር መጀመሪያ የጣቢያው ገጽታ ተለወጠ። አዲሱ ሰማያዊ መስመሮች አሉት፤ ሙዚቃ እንጂ የሰው ድምፅ የለውም። ያምራል፤ ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም። አያቴ ግን «ይሄ የሌሎች ነው፤ የኛ ገና አልመጣም» ይሉና ይጠብቃሉ። ዜናው ያልቃል፣ ይጠብቃሉ። ለእራት የሠራሁት የአሬራ ገንፎ ቀዝቅዞ ከላይ ሽፋን ያወጣል፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። «ይብሉ እንጂ» ስላቸው እንደ እንግዳ ሰው ቀና ብለው ያዩኝና «እርስዎ ይብሉ፣ የኔ እመቤት፤ እኔ ተረኛ ነኝ» ይሉኛል።

እርስዎ ነው የሚሉኝ።

ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቼላቸዋለሁ።

5. ወደ ተመልካቾች አገልግሎት ደውዬ ነበር። ያነሳው ሰውዬ በጨዋነት «አዲሱን ገጽታ ወደዱት ወይስ አልወደዱትም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴ ከሁለቱም አልነበረም። «ሃሎ? አሉ?» ሲል ዘጋሁት። ከዚያም የድሮዋን ኳስ በስልኬ ፈልጌ አገኘሁና ለአያቴ አሳየኋቸው። «ይሄማ ስልክ ነው። ምን ሊሸጡልኝ ነው?» አሉኝ።

6. አክስቴ ሬይንሂልደ ልጽፍልዎ እንዳሰብኩ ስነግራት «ለቴሌቪዥን? ምነው ለንጉሡ አትጽፊም፣ እሱ ቶሎ ይመልስልሽ ነበር!» ብላ ሳቀችብኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። አያቴ እየከሱ ስለሄዱ ግን ኤክሎ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ይግቡ ትላለች። በሚመጣው ሰኞ ምሽት ነርስ ቤታችን መጥታ መብላት አለመብላታቸውን ታያለች፤ ካልበሉ ይወስዷቸዋል። እዚያ በደንብ እንደሚይዟቸው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን በዚህ ቤት ማታ ማታ ስሜን የሚጠራ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ኳሷ ከነሴትዮዋ ድምፅ ከዜናው በፊት ለአፍታ እንድትታይልን፣ ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ ለሰኞ ምሽት እንዲፈቀድልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ አገር ሁሉ የሚያየው እንደማይነካ ከነገሩኝም፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ማጫወት እንድችል ምስሉ ከነድምፁ እንዲላክልኝ እለምናለሁ። በሌላ ቤትም እንደ አያቴ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እንጃ፤ እኔ የማውቀው የኛን ቤት ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ሰኞ ሊያልፍ እንደሚችል አስቤአለሁ። ጓሯችን ካለው መጋዘን ውስጥ፣ ጀልባ ከግንቡ ጋር እንዳይጋጭ የሚንጠለጠል አንድ ብርቱካናማ ኳስ አለ። ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥበዋለሁ። አንድ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን አጠፋና ከፊቱ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከግራ በኩል አንከባልለዋለሁ፤ መሐል ላይ በእጄ አቆመዋለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ፣ አያቴን ፊት ለፊት እያየሁ፣ ሴትዮዋ እንደምትለው ድምፄን ከፍ አድርጌ «መልካም ምሽት» እላለሁ። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ነገ ግን እናገራለሁ።

ከእርስዎም ዘንድ ምልክት እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሮዘሊን ደክሌርክ
ባልገርሁከ፣ ቦዩ ዳር