ልጄን ማየት ላስተማሩልኝ የስካውት ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን ስካውት ማኅበር አዲሱ የሥልጠና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ምግብዎ የተስማማዎት፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕፃን እንቅልፍ የከበደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእኛ ቤት ከጠፋ ሰነባብቷልና፣ ምናልባት መንገድ ስቶ እርስዎ ዘንድ ገብቶ ከሆነ አደራ በደንብ ይያዙልን።

እኔ ከገበያው ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ የሰውን ሕመም በዝግታ ሰምቶ፣ መድኃኒቱን ጠቅልሎ ሰጥቶ፣ ሰውየው ሲወጣ የሰሙትን መርሳት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባሉት ክፍሎች ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ልጄ የእርስዎ ስካውት ነች፣ ወይም ነበረች፤ የቱ እንደሆነ እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል። ደብዳቤውን በአደባባይ ማድረጌን ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። ድፍረት የለኝም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነው። ነገር ግን ቢሮዎ ደጋግሜ ብመላለስ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና "ኃላፊው መስክ ላይ ናቸው" እያሉ ስለሸኙኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ብጽፍ እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ታሪክ ትምህርቱ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ከእርስዎ በፊት ልጆቹን የሚመሩት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። እኔንም በልጅነቴ ያሠለጠኑኝ እርሳቸው ናቸው። በገመድ የማይፈታ ችግር የለም ብለው ስለሚያምኑ እማማ ቋጠሮ እንላቸዋለን። ቁስል ማሰር፣ ውኃ አፍልቶ ማጣራት፣ ጫካ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተምሩናል፤ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ጨዋታ ነበር። ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ የእርሳስ መቅረጫ፣ እንዲህ ያለ ኮተት በጨርቅ ይሸፍኑና ለአፍታ ገልጠው ያሳዩናል፤ ከዚያ ያየነውን በቃላችን እንጠራለን። የሌለ ነገር የጠራ ልጅ ይዘፍናል። እኔ ድምፄ አያምርምና ብዙ ጊዜ ሆን ብለው "ትክክል ነሽ" ይሉኝ ነበር።

እርስዎ በመጡ ማግስት ለእማማ ቋጠሮ የምስጋና ወረቀት ሰጥተው "አሁን ይረፉ" አሏቸው። በዚያው ሳምንት ወላጆችን ሰብስበው ስካውት ማለት ቃኚ እንደሆነና ከየት እንደመጣ አስረዱን። ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ አንድ የጦር መኮንን ወታደሮች ከጦሩ ፊት ቀድመው እንዴት እንደሚቃኙ፣ ዱካ እንዴት እንደሚያነቡ፣ ሳይታዩ እንዴት እንደሚያዩ ጻፈ፤ በተከበበች ከተማ ውስጥም ወንዶች ልጆች መልእክት ሲያደርሱ ተመለከተ፤ ስካውት የተወለደው ከዚያ ነው አሉን። "እኛም ወደ መነሻችን እንመለሳለን" ብለው ጨረሱ፤ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው እጄን እያየ ነበር።

ታሪኩ እውነት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ግን አቆሙት። እማማ ቋጠሮ የቀረውንም ይነግሩን ነበር። ያው መኮንን ትምህርቱን ለልጆች እንዲሆን እንደገና እንዳዘጋጀው፣ ከዚያም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ የዚያን ትውልድ ወጣቶች አርግፎ ሲሄድ ንቅናቄው ስለ ሰላም አብዝቶ መናገር እንደጀመረ፣ የተዋጉ አገሮች ልጆች በአንድ ሜዳ ድንኳን ተክለው ከአንድ ድስት መብላታቸውን፣ ሴቶች ልጆችም እኛንስ ብለው መግባታቸውን። ጊዜ አጥሮዎት ይሆናል የተዉት።

ሁለተኛ፤ ስለ የቤት ሥራው።

ጨዋታውን አልሰረዙትም፤ ስለዚህም ላመሰግንዎ ይገባል። ጨርቁን ብቻ አነሡት። ልጆቹ ማንኪያና ቁልፍ ማየታቸው ቀርቶ ቤታቸውንና ሰፈራቸውን እንዲያዩ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተለወጠ የሚለውን በቃላቸው ይዘው እንዲመጡ አዘዙ። ምንም እንዳይጽፉም ከለከሉ፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ጭንቅላት አይጠፋም ብለዋል አሉ።

ልጄ ደግሞ የሰጧትን ሁሉ የምትሠራ ልጅ ነች። በሳምንት ውስጥ የማላውቀውን ሰፈር ታስተዋውቀኝ ጀመር። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ገጥሟል። ከመንገዱ ታች ያለው መምህር ዘንድ ደወል ሳይደውሉ የሚገቡ ሰዎች አሉ። እራት ላይ ይህን ሁሉ በኩራት ስትዘረዝር ፊቷ ያበራል፤ እኔ ግን ተነሥቼ መስኮቱን እዘጋ ነበር። የፈራሁት ለጫማ ሰፊው ብቻ ቢሆን መልካም ሰው ነበርሁ። የፈራሁት ለራሴ ነው። እኛ ቤት ውስጥ የማይታይ ሰው ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ወንድሜ። አሁን እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ብደብቅ ራሴን መሸንገል ይሆናል።

ታናሽ ወንድሜ ለእረፍት መጥቶ ወደ ጦሩ ያልተመለሰ ወታደር ነው። በጓዳችን ተቀመጠ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ ልጄን ሒሳብ አስጠና፣ ከታች ያሉት ደንበኞች ኮቴ እንዳይሰሙ ቀኑን ሙሉ በካልሲ ይሄድ ነበር። አስም አለበት፤ ሳል ሲመጣበት ትራስ ላይ ይደፋል። እኔም ሱቁ ውስጥ ያለ ምክንያት እስላለሁ፤ ደንበኞቼ "ለራስሽ መድኃኒት አጣሽ እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል።

ጦሩ ውስጥ ሥራው ቃኚ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም።

"አጎቴ፣ አንተም ስካውት ነበርክ ማለት ነው?" አለችው።

"የእኛ ዘፈን የለውም" አላት።

እርሷ ከተኛች በኋላ ለእኔ ነገረኝ። ቀድመው ይልኩታል፤ ያየውን ይናገራል፤ የተናገረው ቦታ ላይ መድፍ ይወርዳል። አንድ ቀን አንድ ቤት አየ፤ ሰው እንዳለበት፣ ደጁ ላይ ልብስ መሰጣቱን በሬዲዮ ተናገረ። ልብሱ የልጆች እንደነበረም ተናግሯል። የጠየቁት ግን ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነበር። "ያየሁትን በትክክል ነው የተናገርኩት፤ አንድም አልተሳሳትኩም" አለኝ።

ለልጄ የነገርኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ አጎትሽ ለማንም እንዳትናገሪ። እርሷ ግን የስካውት ቃል የገባች ልጅ ነች፤ ስካውት አይዋሽም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሁለት ቃል አሸከምናት፤ አንዱን እርስዎ፣ አንዱን እኔ።

አራተኛ፤ ስለ ወላጆች ቀንና ስለ ጉብኝትዎ።

በወላጆች ቀን ልጆቹ እየወጡ ቤታቸውን በቃላቸው ሲያወርዱ አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። የልጄ ተራ ደረሰ። አንገቷ ላይ ሻርፗን አስተካክላ ቆመች፤ መጋረጃውን፣ የአባቷን ፎቶግራፍ፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ፣ መታጠቢያ ቤቱን አንድ ሳታስቀር ጠራች። አጎቷን ብቻ ዘለለችው። እኔም እፎይ ልል ስል እርስዎ ፈገግ ብለው እጅዎን አነሡ።

"ሦስት የጥርስ ብሩሽ አልሽ። አንቺና እናትሽ ሁለት ናችሁ። ሦስተኛው የማን ነው?"

"የጫማ መጥረጊያ ነው" አለች ልጄ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ፤ የተመልካችነት ባጅ ደረቷ ላይ ሰኩላት። እኔ ብቻ የልጄን ጆሮ እያየሁ ነበር፤ ስትዋሽ ይቀላል።

ማግስቱን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ድረስ መምጣትዎ ትልቅ ክብር ነው። ውኃ ሰጠሁዎት፤ ጠጡ። መታጠቢያ ቤት ልጠቀም ብለው ሲመለሱ ብሩሹን ይዘው ወጡና አሸተቱት።

"የጥርስ ሳሙና ይሸታል። ጫማችሁን በጥርስ ሳሙና ነው የምትጠርጉት?"

ልጄን ፊትዎ አቆሙ። ድምፅዎን ከፍ አላደረጉም፤ ይህንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ስካውት የገባውን ቃል፣ የቃልን ክብር እየደጋገሙ አስታወሷት፤ በእያንዳንዱም ጊዜ "ሦስተኛው የማን ነው?" ብለው ጨረሱ። ልጄ እኔን አየችኝ፣ መሬቱን አየች። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ወንድሜን ልሰጥዎት አስቤ ነበር። ልጄ ትናገር ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ዝም ስትል ማየት ስላቃተኝ ነው።

የጓዳው በር ተከፈተ። ወንድሜ በካልሲው ወጣ።

"ልጅቷን ይተዉአት፤ ሦስተኛው የእኔ ነው" አለ።

ከዚያ እርስዎን ትቶ ፊቷ ተንበረከከ። "አንቺ አልተናገርሽም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይህን እንዳትረሺ" አላት። ጫማውን እንዲያደርግ ፈቀዱለት፤ ስለ ፈቀዱለት አመሰግናለሁ። አብረዎት መጥተው ደረጃው ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች ይዘውት ሄዱ። እርስዎ ሲወጡ ልጄን በእጅዎ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው "ጎበዝ" አሏት።

አምስተኛ፤ ስለ ውጤቱ።

ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም። የአስም መድኃኒቱን ይዤ ሦስት ቦታ ሄድሁ፤ ሦስቱም ቦታ እዚህ የለም አሉኝ። እርስዎ ቀድሞ የሚያይ ዓይን ስላለዎት፣ ያለበትን ካወቁ መድኃኒቱን ቢያደርሱልኝ ውለታዎን አልረሳም። መድኃኒቱን ጸሐፊዎ ዘንድ ትቼዋለሁ።

ልጄን በሚመለከት፣ ሥልጠናዎ ከጠበቁት በላይ ሥር ሰዷል። ባለፈው ጎረቤታችን ስኳር ልትበደር ብትመጣ ልጄ ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ምን ሆነሽ ብላት፣ "ካላየሁ አላውቅም፤ ካላወቅሁ አይጠይቁኝም" አለችኝ። ትምህርት ቤት ስትሄድ ዓይኗን ከጫማዋ አታነሣም። መንገድ ስታቋርጥ መኪና ይገጫታል ብዬ እጇን ይዤ አደርሳታለሁ፤ እንደ አራት ዓመት ልጅ። እኔም በበኩሌ የገዛ ልጄ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ምን እያየች ይሆን እያልሁ የምፈራበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝም፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝም ይህ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ ልጄን ከመዝገብዎ እንዲሰርዙልኝ ነው። ባጁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።

የቤቴን መጋረጃ፣ መደርደሪያና ደረጃ ከእኔ በተሻለ ለሚያውቁት ለእርስዎ ስሜን መጻፍ ድካም መጨመር ስለሆነ፣ በልጅነቷ ቋጠሮ ብቻ ተምራ በቀረች በአንዲት የቀድሞ ስካውት ስም፣ ከማያቋርጥ ፍርሃትና ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ከገበያው ማዶ ያለችው ፋርማሲስት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን አሰልፈው በሳምንቱ ያዩትን እንዲናገሩ ሲጠይቁ፣ የመጀመሪያዋ "ምንም አላየሁም" እንዳለች፣ ቀጣዩም እንደዚያው፣ እስከ ሰልፉ ጫፍ ድረስ ሁሉም እንደዚያው እንዳሉ ሰማሁ። ማን እንዳስተማራቸው እኔ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ፣ እርስዎን በደጃቸው ጥግ ቆመው በመስኮት ሲያዩ እንዳየችዎት ተናገረች አሉ። ክቡር ሆይ፣ ልጅ ነች፤ ያስተማሯትን ነው የሠራችው። እባክዎን ስለ እርሷ ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ እርስዎም ምንም አላየሁም ይበሉ።