በመዝገበ ቃላት የወጣው የአባባ ንግግር

ለውድ ወንድሜ ክሊፈርድ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ? ጆይስና ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ? ያን ወገብህን የሚይዝህን ሕመም የአውስትራሊያው የፐርዝ ሙቀት አስታግሶልህ ይሆን? እኛ ዘንድ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። እኔ በአካል ደኅና ነኝ። አባባም ሳሉ ቢያስቸግረውም ጎመኑን መኮትኮት አላቆመም፤ ሐምሌ ላይ ሰማንያ ይሞላዋል። ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በምን ፊቴ እጽፍለታለሁ እያልኩ ነው።

እንደምታውቀው መዝገበ ቃላት ከሚያዘጋጅ ቤት ነው የምሠራው። አለቃችን ሚስተር ክሮስሊ ምሳሌ ከጭንቅላታችሁ አትፍጠሩ፣ ሰው ከተናገረው ልቀሙ ይላሉ። ስለዚህ ሁላችንም ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ይዘን በአውቶቡሱም በገበያውም ስንቀርጽ እንውላለን። የተቀረጸው ሰው ደግሞ ይነገረዋል፣ የፈቃድ ወረቀት ላይም ይፈርማል። ለእኔ የደረሰኝ የእንግሊዝኛ ግሶችን ከኋላቸው ከሚከተሏቸው ትንንሽ ቃላት ጋር መሰብሰብ ነበር። ትምህርት ቤት ማንም ልብ ብሎ አላስተማረንም እንጂ ከአፋችን የማይጠፋው እሱ ነው። ‘ጊቭ’ ብቻውን መስጠት ነው፤ ‘አፕ’ ሲከተለው መተው ይሆናል፤ ‘ኦን’ ሲታከልበት ደግሞ በአንድ ሰው ተስፋ መቁረጥ። ለዚህ ለመጨረሻው ምሳሌ አጣሁ። ስድስት ወር ፈለግሁ። ሰዉ ሲጋራ ስለመተው ያወራል፤ በሰው ተስፋ ስለመቁረጥ የሚያወራ ግን አልገጠመኝም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ እሑድ አክስት ኤድና ለምሳ መጣች። መቅረጫውን እየቀረጸ ከዳቦው ሳጥን ጀርባ ትቼ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ምን እንደምል አላውቅም፣ ረስቼው ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ፤ ግን አልረሳሁትም። ማታ ከፍቼ ሳዳምጥ አክስት ኤድና ያ ልጅ ይመጣል ብለህ እስከ ዛሬ ትጠብቃለህ ወይ ስትለው ሰማሁ። አባባም እንዲህ አላት፦ «በልጁ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። ክፍሉን በየዓመቱ የምቀባው ለማን መሰለሽ?»

እኔኮ ክፍልህን የምቀባው ግድግዳው ውሃ እያዘለ ስለሆነ ነው ሲለኝ አምኜው ነበር። ክሊፈርድ፣ የማፍርበትን ልንገርህ። መጀመሪያ የታሰብከኝ አንተ አይደለህም። ምሳሌዬን አገኘሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። በማግስቱ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ በአባባ ስም ራሴ ፈረምኩ።

እማማ ታማ ሳለች አንተ ለመሄድ ስትነሣ፣ አባባ ከዚህ በር ከወጣህ አትመለስ ማለቱን በየደብዳቤህ ታነሣብኛለህ። ለቀብሯ ያልመጣኸውም በዚያው ቃል እንደሆነ ነግረኸኛል። እኔ ሌላውን ቃል እያወቅሁ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጥርሴ። ብነግርህ ከየት ሰማሽው ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ስል ሦስት ዓመት ቀማኋችሁ።

ገና ሲደርስ መጽሐፉ ታተመ፤ አንዱን ለአባባ ሰጠሁት። በሴት ልጁ ሥራ ሊኮራ፣ በማጉያ መነጽር እኔ ያዘጋጀኋቸውን ገጾች አንድ በአንድ አነበበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጽሐፉን ቁርሴ አጠገብ ገልጦ አስቀምጦ በጣቱ አሳየኝ። «ይሄ እኔ ነኝ» አለ። ስም እኮ የለበትም አልኩት። «ለአገር ምድሩ አወራሽው። ለልጁስ ነገርሽው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ድምፁን አላወጣም። እሱና አክስት ኤድና አርባ ዓመት በሽመናው ፋብሪካ ጩኸት ውስጥ እየሠሩ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈር ሲነጋገሩ እንደኖሩ ታውቃለህ። አሁን እኔ ስገባ ሁለቱም ወደዚያው ይመለሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ሻዬን ይዤ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። ወሬው ሰፈር ደርሷል። ሥጋ ሻጩ ሚስተር ስቶት ሱቁ ስገባ ሲያየኝ ለደንበኞቹ፣ ዝም በሉ፣ የዚችኛዋ ጆሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው ይላቸዋል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ ግን አለቅሳለሁ።

ባለፈው ሰኞ ሚስተር ክሮስሊ ዘንድ ገብቼ ፊርማው የእኔ እንደሆነ ተናዘዝኩ። በጣም ተቆጡ፣ ከሚቀጥለው እትም እንዲወጣ አዘዙ፤ ለእኔም ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፣ ይገባኛል። የአባባ ንግግር የተቀረጸበትን የድምፅ ክርም መልሰው ሰጡኝ። ትናንት አምጥቼ አባባ ፊት አኖርኩትና፣ ላኪው ካልከኝ ለክሊፈርድ እልከዋለሁ፣ ካላልከኝም ያንተ ነው አልኩት። አንስቶ አገላብጦ አየውና እሳቱ ውስጥ ጣለው። እኔም ነገሩ በዚያው አበቃ ብዬ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

እንግዲህ ያለ ፈቃዱ የሰማሁትን ያለ ፈቃዱ መልሼ ጻፍኩልህ፤ ይህም ሌላ በደል ከሆነ ይጨመርብኝ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጆይስን አቅፈህ ሳምልኝ። ለሮዊና፣ የምሠራላት ሹራብ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል በላት። ኒልን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ፎቶው ላይ ቁርጥ እማማን መስሏል። አክስት ኤድና ሰላም ብላሃለች፤ እሷ በድምፅ ነው ያለችው።

ይህን ዛሬ ጠዋት ስጽፍ አባባ ከጓሮ ገብቶ ለማን እንደምጽፍ አየ። ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት፤ መልስ እንኳ አልጠበቅሁም። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ክፉ ነገር ተናገርኩት። እየወደድኩት ነው የተናገርኩት። ይምጣ በይው» አለኝ።

ይህንን ልጻፈው ወይ አልኩት።

«እንዳልኩት አድርገሽ ጻፊው» አለ።

እህትህ ሞሪን
ሃሊፋክስ፣ ዮርክሽር
መጋቢት 11 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.