ዋሱ ያመጡት እንግዳ

ሰኞ
ባለቤቴ ተስፋዬ አሁንም እስር ቤት ነው። ትናንት ሱቃችን ደጃፍ ላይ ጌታቸውን ገፈተረው። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው! ጌታቸው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጎረቤታችን ነው፤ ሥጋ ቤቱና የእኛ ቅመም ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። ፖሊስ የጠራው አላፊ አግዳሚ ነው።
እሑድ መርከቡ ከፍሎሪዳ ይነሳል። ሐኪሙ ተስፋዬን በሳንባው ምክንያት አውሮፕላን ከልክሎታል፤ ጣሊያን ላለችው ልጃችን ሠርግ የሚያደርሰን ያ መርከብ ብቻ ነው። ይኼ ሰውዬ ንዴቱን አንድ ሳምንት መያዝ አቅቶት!

ማክሰኞ
ለመፈቻው የዋስትናውን ገንዘብ፣ ቦንዱን፣ የሚያሲዘው ድርጅት ቤት ያለው ዋስ አምጪ አለኝ። እኛ ተከራይ ነን። ስቶን ማውንቴን ያለው አበ ልጃችን “የቤቴን ብድር ሪፋይናንስ እያደረግኩ ነው፣ መፈረም አልችልም” አለ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ሱቅ ከፈትኩ።
ጌታቸው ራሱ መጥቶ “እኔ ልፈርምለት፣ ቤት አለኝ” አለኝ። ለእህቴ ልጅ ለሜሮን ነገርኳት፤ ጠበቃችን እሷ ናት።
“ኖ ዌይ፣ አክስቴ! ተበዳዩ እኮ እሱ ነው!”

ረቡዕ
ሊቶኒያ ቤት ያላቸው የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ ወልዴ ፈረሙ። እግዜር ይስጣቸው። “ዋስ የሆንኩት ግን እንዲታረቁ ነው” አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ምን ቸገረኝ።
ተስፋዬ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ወጣ። ዳኛው ጉዞውን ፈቅደውለታል፤ ጌታቸው አጠገብ ግን ድርሽ እንዳይል ብለዋል።

ሐሙስ
ጋሽ ወልዴ ሳይደውሉ መጡ። ከኋላቸው ጌታቸው። ሽማግሌ ከበር ይመለሳል? ተስፋዬና ጌታቸው ተቃቅፈው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ወልዴ ፎቶ አንስተው የማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለጠፉት።
ሜሮን ወዲያው ደወለች። “ዲሊት አስደርጊያቸው፣ አክስቴ፣ ናው! ዳኛው ካዩት ቦንዱን ካንስል ያደርጉታል።”
ጋሽ ወልዴ ግራ ገባቸው። “መታረቅ ነው ወንጀሉ?” አሉኝ።

ዓርብ
ፎቶው ጠፍቷል፤ ማን እንዳየው አናውቅም። ሜሮን የዳኛው እገዳ እንዲነሳ አመልክታለች፤ መልስ የለም። ልጄ ደውላ “አባዬ ሱፉን ያዘ?” አለችኝ። ይዟል አልኳት። መታሰሩን አታውቅም።
አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ።
“እኔ ነኝ፣ ጌታቸው። ለመንገድ ቋንጣ አምጥቼላችሁ ነው።”
መብራቱን አጠፋሁ። ተስፋዬ ሳሉን በትራስ አፈነ።
“ተኝታችኋል እንዴ?”
ቆሞ ቆሞ ሄደ። በዕድሜዬ ለእርቅ የመጣ ሰው ላይ በር ዘግቼ አላውቅም። አፈርኩ። ቋንጣው ደጃፉ ላይ ነው፤ ለማስገባት እንኳ ፈራሁ።