ከርከሮውን ማን አቆሰለው

ወናጎ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚይዛት ነገር ዘንድሮም ጀመራት ወይስ አምላክ ራራላት? ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። የሚያመኝ ሌላ ሌላው ነው፤ እሱን ደግሞ ለሐኪም አይነግሩትም፣ ለእህት ይጽፉታል እንጂ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ማሙሽ ካልተመለሰ እማማ እንደማትተርፍ፣ ያን ሰውዬ እንዳላስቀይመው፣ ደግሞም መልኩ ምን እንደሚመስል እንድነግርሽ ጽፈሻል። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ መጻፍሽ ገርሞኛል። የወንድማችን የማሙሽ ነገር ለአንድ ሰዓት እንኳ ከራሴ ወጥቶ አያውቅም። በርበሬ ላድርስላት ብሎ የመጣው ለእኔ ነው፤ ዲላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርድ የታፈሰውም በርበሬውን እንደታቀፈ ነው። ከመሰሎቹ ጋር የቡና መጋዘን ውስጥ ዘጉበት፣ ፀጉሩንም ላጩት። መኪና መጥቶ ወደ ጦር ማሰልጠኛ ከጫናቸው በኋላ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ባለሥልጣን «ይህ ልጅ ዕድሜው አልደረሰም» ብሎ ቢፈርም ይወጣል። የሚፈርመው ያ ሰውዬሽ ነው።

እንግዲህ ስለ መልኩ። የወጣለት ስም ኃይለኢየሱስ ነው። የዲላ ካድሬ ከሆነ ወዲህ ከኢየሱሱ ጋር ስለተጣላ ጓድ ኃይሉ በሉኝ ይላል። እናቱ ግን ገበያ መሐል ስታገኘው በሙሉ ስሙ ትጠራዋለች፤ እሱም ግራ ቀኙን ቃኝቶ ቀስ ብሎ አቤት ይላታል። ደረቴ ከሆዴ ቀድሞ ይደርሳል ብሎ ያስባል፤ አይደርስም። ካኪው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ተቀምጦ ማውራት አያውቅም፤ ሁለታችን ብቻ ብንሆንም ስብሰባ ላይ ነን። አንድ ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ስለ ቡና ችግኝ አስተማረኝ። እርሻ ኮሌጅ ዓይኔ እስኪፈስ ያጠናሁትን ገልብጦ እየነገረኝ ማስታወሻ ለምን አልያዝሽም ብሎ ወቀሰኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «ትዳርም የትግሉ አካል ነው፣ አስቢበት» አለኝ። ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ስለ ማሙሽ ስለምነው ደግሞ «ሁሉም ጉዳይ ባንድ ላይ ይታያል» አለ።

አሁን ያለፈውን እሑድ ልንገርሽ፣ ሰውየውን ከዚያ ታውቂዋለሽ።

እዚህ አገር የእንሰት ጠላቱ ከርከሮ ነው። በጨለማ ይገባና ሥሩን በአፍንጫው ፈንቅሎ ይበላል። ስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት ጠዋት ሲያዩት ተጋድሞ ይገኛል። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አቶ ጴጥሮስ የሚባሉ ገበሬ ጓሯቸው እንዲያ ሆኖባቸው ቢሯችን መጥተው አመለከቱ። እኔ አጥርና ወጥመድ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ጓድ ኃይሉ ሰማና ነገሩን ዘመቻ አደረገው። «ፀረ ከርከሮ ዘመቻ» ተብሎ በቀይ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ተሰቀለ። ከርከሮ ማንበብ ቢችል ኖሮ በዚያው አገር ጥሎ በሄደ። ቀኑን እሑድ ያደረገው ደግሞ ሆን ብሎ ነው፤ ገበሬዎቹ ጴንጤዎች ናቸው፣ ተሰብስበው ከሚጸልዩ አሳማ ያባርሩ ብሎ ነው።

የጓድ ኃይሉ ጠባቂዎች ክላሽ ይዘዋል፤ ጥይቱ ግን ለግንባር ነው፣ ለአሳማ አይተኮስም ተብሏል። ስለዚህ የአቶ ጴጥሮስ ጠመንጃ ተፈለገ። ከአባታቸው የወረሱት፣ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፉ የሚጎርስ፣ ከባለቤቱ የሚረዝም ዕቃ ነው። መሣሪያ ሲሰበሰብ ሰብሳቢዎቹ አይተውት ስቀው መለሱላቸው አሉ። ጓድ ኃይሉ «እኔ ነኝ የምተኩሰው» አለና እኔን በደንብ በምታዪበት ቦታ ቁሚ አለኝ።

አቶ ጴጥሮስ ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሰው በዘንግ ጠቀጠቁት፣ ድቡልቡሏን የእርሳስ ጥይት ጨመሩ፣ ከዚያ የእንሰት ቃጫ ጠቅልለው በዘንግ ሊጠቀጥቁበት ሲሉ ነጠቃቸው። እርሳሷን ከውስጥ የሚይዛት ቃጫው ነው፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ማለት ነው። እሱ ግን መሣሪያ ውስጥ ጥራጊ መክተት ኋላ ቀርነት ነው ብሎ እዚያው ቆመን ሳለ ስለ ኋላ ቀርነት አስረዳን። አቶ ጴጥሮስ ሰምተው ሲጨርሱ፣ እንግዲያው ጓድ፣ አፉ ወደ ላይ ይሁን አሉት። ወደ ላይ የሚይዝ ይመስልሻል? ፊልም ላይ እንዳየው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አፈሙዙን ወደ መሬት ለቀቀው። ቁልቁል ወደ ወንዙ ስንወርድ እርሳሷ ከአፈሙዙ ወጥታ ቅጠሉ ላይ ጠብ አለች። ከኋላው ነበርኩና አነሳኋት። የበሰለች የቡና ፍሬ ታክላለች። ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እስቲ ይተኩስ ብዬ ነው።

ተኮሰ። ሰዎቹ በቆርቆሮና በጩኸት፣ ውሾቹም በጥርስ እያዋከቡ ከርከሮውን ከእንሰቱ ውስጥ አወጡት፤ ጓድ ኃይሉም ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀበት። እሳትና ጭስ ብቻ ነው የወጣው። እሱ በቂጡ ተቀመጠ። ከርከሮው በድምፁ ደንብሮ ወደ አቶ ጴጥሮስ ዞረ፤ እሳቸውም በጦር ከብብቱ ሥር ወጉት። ወደቀ። ጭሱ ሲገፈፍ ፊቱ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ሰው ተነሥቶ «መታሁት?» ብሎ ጠየቀ። ጠባቂዎቹ አጨበጨቡለት።

ከዚያ ፎከረ። እህቴ፣ ለከርከሮ አይፎከርም። ለአንበሳ ይፎከራል፣ ለጎሽ ይፎከራል፤ ከርከሮ የገደለ እጁን ታጥቦ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል። እሱ ግን ያን ርዝመት ያለው ጠመንጃ እየነቀነቀ በሬሳው ዙሪያ ተንጎራደደ። ገበሬዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

የዚህ አገር ደንብ ጅራቱን መጀመሪያ ላቆሰለው ይሰጣል። እሱም እንሰቱ ዳር ያስረዋል፣ ሌሎቹ ሲሸታቸው ይሸሻሉ ይባላል። ክርክር ከተነሣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ያየውን ይናገራል፤ እሱ ከተናገረ ነገሩ ያልቃል፣ ማንም አይመለስበትም። አንድ ጎረምሳ ቁስሉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የጦር ነው አለ። ጓድ ኃይሉ ምን ብሎ እንደመለሰ ታምኛለሽ? ጦሩ የገባው ጥይቴ በከፈተው ቀዳዳ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጓዲት ትመስክር፣ የተማረች ናት፣ ከኋላዬም ነበረች አለ። ጠጋ ብሎም ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ማታ ዲላ እገባለሁ፤ በመጋዘኑ በኩል ነው የማልፈው» አለኝ።

እርሳሷ መዳፌ ውስጥ ነበረች። ሁሉም ያዩኛል። አቶ ጴጥሮስም ጦራቸውን በሣር እየጠረጉ ያዩኛል።

«ያቆሰሉት ጓድ ኃይሉ ናቸው» አልኩ።

ማንም አልተከራከረም። ጅራቱን ራሳቸው አቶ ጴጥሮስ ቆርጠው ሰጡት። ሰው ሲበተን እርሳሷን በእጃቸው ሳስጨብጣቸው አዩዋትና ኪሳቸው ከተቷት። ከርከሮው ሞቷል አይደል ልጄ፣ እኔ የፈለግኩት እሱን ነበር አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ይህ ሳያንስ አመሻሹ ላይ ጅራቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለእኔ ሊሰጥ መጣ። የት? እትዬ ኩልሱም ግቢ! የእስላም ቤት መከራየቴን ያውቃል፣ ከባለቤቷ ከረሻድ ሱቅ ሲጋራ ይገዛል፤ እንዲያም ሆኖ አሳማ ተሸክሞ መጣ። እትዬ ኩልሱም ደፉ ላይ ቆመችና «ጓድ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሱ ግን ደጅ ይቅር» አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አሰበና ከጅራቱ ጋር ደጅ ቀረ። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል የዛሬ ምስክርነትሽን አልረሳውም ብሎኝ ሄደ። እትዬ ኩልሱም ደፉን በውኃ ደጋግማ አጠበች። ቀና ብላም ምን ብትዪው ነው እንዲህ ጥርሱ አልገጥም ያለው ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ባልዲውን አንሥታ ገባች።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ማሙሽ ነው፤ ሰውዬሽ ፈርሞለት ተለቋል። በፖስታ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩም። እንዳይከፍተው በሙጫ አጣብቄዋለሁ፤ ካነበብሽው በኋላ አቃጥይው። ፀጉሩ እስኪያድግ ይርጋለም ከተማ ውስጥ አታስወጡት። እንዴት እንደተለቀቀ ከጠየቀሽ ዕድሜህ እንዳልደረሰ ታውቆ ነው በዪው፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከስቷል፣ እማማ ስታየው እንዳትጮኽ ቀድመሽ ንገሪያት።

ወርቃ ወዳለው የችግኝ ጣቢያ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፣ ቦታው ለባልደረባዬ ለማንጠግቦሽ ተሰጥቷል። ጎበዝ ልጅ ናት፣ በሽታ የሚቋቋመውን ዘር የት እንዳስቀመጥኩ አሳይቻታለሁ። እኔን ዲላ ይሻልሻል ብለውኛል።

ለእማማ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ማሙሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። አንቺንም ቤትሽንም ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በቅርብ ከዲላ ሽማግሌዎች በደጃችን ቢመጡ አትደንግጡ፣ ወንበር አውጡላቸው። ወጉ እንዳይቀር «መክረን እንመልሳለን» በሏቸው። እኔን እሺ ትያለሽ ወይ ብለሽ ለመጠየቅ ግን ወረቀት አታባክኚ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ