በግቢዬ ስለቆመው ሣጥንዎ

ለተከበሩ የቴሌኮም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየአደባባዩ ተሰቅሎ ቁልቁል ፈገግ ለሚልብን ፎቶግራፍዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ አናጢ ነኝ። ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ሰፈራችን ድረስ መጥተው የጨበጡኝ፣ አጥሬን አፍርሼ የፋይበር ማከፋፈያ ሣጥንዎን በግቢዬ ያቆምሁልዎ ሰው ነኝ። ኪራይ ይከፈልዎ ስባል እምቢ ብዬ፣ ሣጥኑ እስካለ ድረስ ገደብ የሌለው የኢንተርኔት መስመር ቤቴ እንዲገባልኝ ብቻ ጠየቅሁ። እርስዎም በገዛ እጅዎ ፈረሙልኝ።

ድርጅትዎ ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ወር መስመሬ ተቆረጠ። ውሌን ይዤ ቢሮዎ ብሄድ፣ የመስኮቷ ሠራተኛ አገላብጣ አይታ፣ ገደብ የለሽ የሚባለው ነገር ዘመኑ እንዳለፈበት፣ ድርጅቱ ወደ አዲስ የንግድ ሞዴል እንደተሸጋገረና መጪው ጊዜ በአየር መጥቶ በጥቅል የሚሸጥ ኢንተርኔት መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ለካ የንግድ ሞዴል ኖሯል! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔ ሞኙ ወረቀቴን እንደያዝሁ ቤቴ ተመለስሁ።

፪. ሣጥኑ ግን ዘመን አላለፈበትም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ይመግባል፤ ማራገቢያውም ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ያለ ዕረፍት ያጓራል። መስመሩ ደጄን እያለፈ መሄዱን እንዳልዘነጋ ስለሚያስታውሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫. ይህን እንኳ ያለ ቀልድ ልናገረው። ባለቤቴና ብቸኛ ልጃችን መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ባለቤቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ልጃችን የምትኖረው ሩቅ ነው። እናትና ልጅ የሚያወሩት ስክሪን ላይ እየተያዩ በእጃቸው ነው። ግቢዬን የሰጠሁትም ለዚሁ ብቻ መሆኑን ያን ዕለት ነግሬዎታለሁ፤ እርስዎም ባለቤቴን በእጅዎ ሰላም ለማለት ሞክረው፣ እሷም በደስታ ስቃ ነበር። መስመሩ ሲቆረጥ በገዛነው አዲሱ ጥቅልዎ ምስሉ በየደቂቃው ይደርቃል። ባለፈው ማክሰኞ ነፍሰ ጡሯ ልጃችን ሐኪም ያላትን መንገር ጀምራ፣ እጇ ሆዷ ላይ እንዳለ ቀረ። ባለቤቴ ክፉ ይሁን ደግ ሳታውቅ ያንን የቆመ እጅ ስታይ አመሸች። በማግስቱ ልጄ ጽፋልኝ፣ የተረገዙት መንትዮች መሆናቸውን ለባለቤቴ የነገርኋት እኔ ነኝ። አለቀሰች። ወሬው የእሷ ነበር፤ ደላላ አያስፈልገውም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ተከድቻለሁ። ሌባ ቢዘርፈኝ በሬን ባለመዝጋቴ ራሴን እወቅስ ነበር፤ እርስዎን ግን አጥር አፍርሼ ያስገባሁዎ እኔው ነኝ።

መጪው ዘመን ከሕንፃው ተርፎ ለእኛ እስኪደርስ በትዕግሥት የምጠብቅ፣ የሣጥንዎ ያለ ደመወዝ ዘበኛ፣

አናጢው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለደረሰብን መጉላላት ካሳ ይሆን ዘንድ ድርጅትዎ በባለቤቴ ስልክ አምስት መቶ የነጻ ድምፅ ጥሪ ደቂቃ ልኳል፤ ቸርነትዎ ወሰን የለውም። ሣጥኑን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ሐሙስ እንደሚመጡም ተነግሮኛል። እኔ ሥራ ስለምውል ቤት የምትገኘው እሷ ብቻ ናት፤ በሩም ከውስጥ ይቀረቀራል። እንድትከፍትላቸው እባክዎ ደውለው ይንገሯት።