ማንም የማይቀመጥበት መደብ

ሐረር፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬ ጁገል ውስጥ እማማ ፋጡማ ቤት ስለ እርጉዞች ጤና ላስተምር ሄጄ ገና ሳልጀምር አበላሸሁት። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ሁሉም እንዲያዩኝ ብዬ ከፍ ያለው መደብ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«የባለቤቴ ቦታ ነው» አሉ እማማ ፋጡማ ረጋ ብለው። «ከሞቱ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።»

ዘልዬ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ነርስ ትምህርት ቤት ምን እንደምንናገር እንጂ የት እንደምንቀመጥ አላስተማሩንም።

ምራታቸው ዘይነባ ወሯ ገብቷል፤ ፊቷም አብጧል። በር ድረስ ሸኝታኝ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ ዓይኗም ብዥ እንደሚልባት በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ይህ እናትንም ልጅንም የሚገድል የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነው። ያለ አማቷ ፈቃድ ከቤት አትወጣም። ተመልሼ ገባሁና ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ ብዬ ለመንኳቸው።

መጀመሪያ መደቡን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ነገ ነይና እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።»

አፍሬ ነበርና እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍ ያ እሺታዬ ይቆጨኛል። ዘይነባ ነገን ላታይ ትችላለች።

ነጠላዬን ደርቤያለሁ። ተመልሼ እሄዳለሁ። ተቀመጪ ባይሉኝም ቆሜ እለምናቸዋለሁ።