ኔሊን ሆኪ ያሳየሁበት ቅዳሜ

እሑድ ጠዋት፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997
ከእርሻው ቤት

ለልጄ ለላሪሳ፣

እንዴት ነሽ? ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ሳትከፍቺው ልትጥዪው እንደምትችዪ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኝ ሦስቱንም ሳልከፍት የመለስኩ ሰው፣ ዛሬ አንብቢልኝ ብዬ የምለምንበት አፍ የለኝም። ግን አንብቢልኝ። ስለ ልጅሽ ስለ ኔሊ ነው። ደህና ናት፤ አትደንግጪ። ጠዋት የምጽፍልሽ ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴ ጥርት ስለሚልልኝ ነው።

ኖቬምበር ላይ ስድስት ዓመት ሞላት። ከላይ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አንቺ አያትሽን፣ የኔን አባት፣ ትዪው እንደነበረው፣ እሷም «ጊዶ» ነው የምትለኝ። አረማመዷ ያንቺ ነው፤ ከኋላዋ ሳያት አንዳንዴ ልቤ ይደነግጣል።

ከገና ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ውሰደኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ሆኪን በቴሌቪዥን ብቻ ነበር የምታውቀው። ትናንት ከቀኑ በስምንት ሰዓት የኛ ከተማ ልጆች ከብሬንሊ ልጆች ጋር ይጫወቱ ነበርና ይዣት ሄድኩ። ከደስታዋ ብዛት ቁርሷን እንኳን በቅጡ አልበላችም። የናትሽን ሰማያዊ የአንገት ልብስ ሦስት ዙር ጠመጠምኩላት።

አዳራሹ አልተለወጠም። ያው የእንጨት መቀመጫ፣ ያው የጥብስ ድንች ሽታ፣ ያው ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ። አንቺን በልጅነትሽ ያስቀምጥሽ የነበረው ቦታ፣ ከግቡ ጀርባ አስቀመጥኳት። ልጆቹ ገብተው የጫማቸው ብረት በረዶውን ሲቆርጠው የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ «ጊዶ፣ ይሰማል! በቴሌቪዥን አይሰማም ነበር!» አለችኝ።

አንድ ግንድ የሚያህል የብሬንሊ ልጅ የኛን ልጅ አፍንጫችን ሥር ካለው መስታወት ጋር ሲያላትመው ጮኻ ጭኔ ላይ ወጣች።

«ለምን ተጣሉ?»

«አልተጣሉም፤ እየተጫወቱ ነው።»

«ታዲያ አፍንጫው ለምን ይደማል?»

«ጠንከር አድርገው ስለሚጫወቱ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «እኔ እንደዚህ ስጫወት ግን ትቆጣኛለህ» አለችኝ።

ሜትሮ ከኋላችን ተቀምጧል። ታውቂዋለሽ፣ ዳኛ ካልሰደበ ጨዋታ ያየ አይመስለውም። «አንተ ዳኛ! መነጽርህን ሚስትህ ደበቀችብህ?» ብሎ ሲጮህ ኔሊ ዞር ብላ «መነጽር አድርጓል እኮ» አለችው። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሜትሮም «ከነመነጽሩ ከታወረማ ምን ይደረጋል፣ የኔ እመቤት?» አላት። ከዚያ በኋላ አብረው ይሰድቡት ጀመር።

የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ዕረፍት ሲሆን በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ገባ። ከጨዋታው ይልቅ እሱን ወደደችው። «ትኩስ ቸኮሌት ይዤልሽ ልምጣ፤ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ዓይኗን ከመኪናው ላይ ሳታነሳ «እሺ» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ላሪሳ።

ሰልፍ ላይ መቆሜን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ፒክአፑ ውስጥ ሆኜ ስነዳ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል፤ በረዶው ላይ ፀሐይ አለ፤ ራዲዮ ከፍቼ አንጎራጉራለሁ። አንድም ነገር የጎደለኝ አልመሰለኝም። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ደርሼ ጫማዬን አወለቅሁና «ማሪካ፣ መጣሁ» ብዬ ተጣራሁ። እናትሽ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። መልስ ሳጣ ጎረቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ሻይ ጣድኩ። በሩ ሥር ትንንሽ የቤት ጫማዎች አየሁ፤ ያንቺ መሰሉኝ። ላሪሳ ትምህርት ቤት ናት፣ አልኩ ለራሴ። ጠረጴዛው ላይ ጥጉን ብቻ የተነከሰ ዳቦ ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁት። ንክሻው መሃሉ ላይ አልተቆረጠም፤ የፊት ጥርስ የሌለው ልጅ የነከሰው ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ያወጣሁትን ዓይነት ድምፅ ከገዛ አፌ ሰምቼ አላውቅም።

ጫማ ሳላደርግ በካልሲ ወጥቼ መኪናውን አስነሳሁ። ውጪው ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነበር። ከቤት እስከ አዳራሹ ሃያ ደቂቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መንገድ ላይ ያላሰብኩት ነገር የለም። አንድ የማላውቀው ሰው እጇን ይዞ ሲወስዳት ታየኝ። እኔን ፍለጋ ወጥታ ከመኪኖቹ መሃል በረዶው ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። እናትሽን ከቀበርን ወዲህ አንድ ቃል ያልተነፈስኩለትን እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተው አልኩት። ደግሞም ስደርስ ለምን እንደመጣሁ እንዳይጠፋኝ ስሟን እየደጋገምኩ እጮህ ነበር። ኔሊ። ኔሊ። ኔሊ። መንገዱን ሙሉ።

ስገባ ሁለተኛው ክፍል ሊያልቅ ነው። ቦታዋ ባዶ ነው። የእንጨቱን መደገፊያ ያዝኩ። ወዲያው ከመግቢያው በኩል የቬርናን ሳቅ ሰማሁ፤ ዛሬም ትኬት የምትቆርጠው እሷ ናት። ኔሊ በቬርና ክፍል ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጣ ጥብስ ድንች ትበላለች።

«አንተ ሰውዬ!» አለችኝ ቬርና። «ሽንት ቤት ውስጥ ሞተህ ይሆናል ብለን ሜትሮን ልንልክብህ ነበር እኮ! ይቺ ልጅ ናት ሆዱን አሞታል፣ ያፍራል፣ አትሂዱበት ብላ የከለከለችን። ጫማህስ የት ሄደ?»

ኔሊን አየኋት። እሷም አየችኝ። «ስለረጠበ አውልቆት ነው» አለች ለቬርና፣ ፈጠን ብላ።

ስድስት ዓመቷ ነው፣ ላሪሳ። ስትዋሽ ምላሷ እንኳን አልተያዘም።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

«ለምን ዋሸሻቸው?» አልኳት።

«ትተኸኝ እንደሄድክ ካወቁ ይወስዱኛል።»

«ማነው የሚወስድሽ?»

«ሌላ ሰው። እኔ ከሌለሁ ደግሞ ምድጃውን ማን ያጠፋልሃል?»

ስንት ጊዜ አጥፍታልኝ እንደምታውቅ ጠየቅኳት። ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች፤ ጣቶቿ አለቁባት። አስተማሪዋ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። «ጊዶ በረት ገብቶ ላም እያለበ ነው» ትላታለች። ላሞቹን ከሸጥናቸው ሦስት ዓመታችን መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ የማሳድጋት እየመሰለኝ ስኖር፣ ለካ እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ።

ያንን ቀን ላንሳብሽ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ጠጥተሽ ልጅቷን መኪና ውስጥ ትተሽ የሄድሽ ዕለት ያገኘኋት እኔ ነኝ። አርባ ደቂቃ ነበር። «ልጇን የምትረሳ ሴት፣ እናት አይደለችም» ብዬ በሰው ፊት ሰደብኩሽ፤ ፍርድ ቤት ቆሜም ያንኑ ደግሜ ልጅሽን ወሰድኩብሽ። ባለፈው ክረምት ከቫንኩቨር ድረስ በአውቶቡስ መጥተሽ በሩን ስታንኳኪ ሰው የሌለ መስሎሽ ተመለስሽ። ቤት ነበርኩ። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እስክትሄጂ እጠብቅ ነበር። ደጁ ላይ የተውሽውን ስጦታ ለኔሊ ሰጠኋት፤ ከማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

የትናንቱን አሰላሁት። ሃምሳ አምስት ደቂቃ። አንቺ ቢያንስ ጠጥተሽ ነበር። እኔ ጠብታ አልቀመስኩም።

መጠጥ ከተውሽ ዓመት ከአራት ወር እንደሆነሽ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንደምትሠሪ የአጎትሽ ልጅ ዞንያ ነግራኛለች። ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዞንያም እንኳን።

ስለ መርሳቴ ለሐኪሜ ምንም አላልኩትም። ብነግረው ይጽፈዋል፤ ከተጻፈ ደግሞ ልጅቷን ለማታውቃቸው ሰዎች ይሰጡብኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ አንድ ቀን ቤቱን በላይዋ ላይ አቃጥለዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ በዚህ መሃል እየተንገላታሁ ነው፤ ዞሬ ዞሬ የምመጣው አንቺው ጋ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ደብቂው ብያት ደብቃዋለች። የት እንዳደረገችው ብጠይቃት አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች። ልጅሽ እንድትመለስልሽ ለፍርድ ቤቱ የሚያስፈልገውን ወረቀት ሁሉ እፈርማለሁ። ፈርም የሚሉኝን ሁሉ። ብቻ ስሜን መጻፍ ሳይጠፋኝ ይሁን።

ይቅር እንድትዪኝ አይደለም የጻፍኩት። ይቅር ባትዪኝም ነይ። እኔን ማነጋገር ካልፈለግሽ አታነጋግሪኝ፤ ለእሷ ስትዪ ነይ።

አሁን ክርኔ ሥር ተቀምጣ ትናንት ያየችውን የበረዶ መኪና ትሥላለች። ቅድም «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ለእናትሽ ነው አልኳት። እርሳሷን አስቀመጠች። «ትመጣለች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው የሚሰማን ይመስል፣ «ጊዶ፣ መልኳን እየረሳሁት ነው። እንዳትነግራት» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩሽ።

እግዚአብሔር በመንገድሽ ላይ ይቅደምልሽ። ያቆመሽን ጉልበት አይንሳሽ፤ በእኔ ምክንያት ያለቀስሽውን በልጅሽ ይካስሽ።

በሕይወቴ ነይ ብዬሽ አላውቅም። ነይ።

አባትሽ
ኦረስት